አያቴን ሁለት ጊዜ የሰቀለው ድንጋይ

በዘመሮ እንደኔ አንባቢ የለም! እሺ፣ ካህናቱና ተማሪው ሳይቆጠሩ፤ የማታ ትምህርት የጨረስኩት ገና ባለፈው ወር ነው።

ዛሬ ጣሊያን ገበያው መሃል ለሰቀላቸው አባቶቻችን ያሠራነው ሐውልት ተመረቀ። ሌላው ሲያጨበጭብ እኔ ስሞቹን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

አያቴ ሁለት ቦታ ተጽፏል! አንዴ በዓለም ስሙ ተሰማ፣ አንዴ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል፤ ልክ እንደ ሁለት ሰው።

"ሽማግሌዎቹም ቄሱም የሰጡንን ስም ሁሉ አስቀረጽን" አሉ የሐውልቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ።

"ጋሼ፣ ጣሊያን እንኳ የሰቀለው አንዴ ነው!"

ይባስ ብሎ ድንጋዩ ሞልቶ፣ ከአያቴ ጋር የተሰቀሉት የጎረቤታችን የእማማ አስካለ አባት ስም ቀርቷል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ "የአባቴ የቱ ጋ ነው ልጄ?" አሉኝ። አሳየኋቸው፤ ስመውት አለቀሱ።

በእናንተ ቀዬ ሐውልት ላይስ ማን ተረሳ? ጻፉልኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ።

በዛሬው ንባቤ ግን አንድ ውሸት አለ፤ እማማ አስካለ የሳሙት የአያቴን የክርስትና ስም ነው።