የመርፌው ክብደት

መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ያለው የጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አያ ሐጎስ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ፊቴ አስቀምጠው መርፌውን እንዳነሣ አዘዙኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚህ እጅህ ሬዲዮ ጠግን ብለው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሰደዱኝ። ሸክላ ለመንካት ዓመት ጠበቅሁ።

አያ ሐጎስ የሞተርን ችግር በጆሯቸው የሚለዩ ባለሙያ ናቸው። አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፤ መርፌ ከዘለለ ክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም ይጭናሉ። መዝለሉ ይቆማል፣ ደንበኛም መርቆ ይሄዳል። እኔ ሳላጣራ የማላምን ስለሆንኩ ከጎረቤታችን ወርቅ ሠሪ ሚዛን እየተዋስኩ መርፌው ሸክላውን ምን ያህል እንደሚጫን መመዘን ጀመርኩ። አያ ሐጎስ ወርቅ ቤት ላስቀጥርህ ወይ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አምና ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት አንድ ሸክላ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ባላቸው አቶ ታደሰ ከደብረ ብርሃን መጥተው መቐለ የቀሩ ክራር ተጫዋች ናቸው። በወጣትነታቸው ያስቀረጹት ይህን ሸክላ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ጣቶቻቸው አይታዘዙም።

"ከእጁ የቀረን ይኸው ነው" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማጫወቻዎች ነበሩ። አንዱ አዲስ፣ ቀይ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ድምፅ ማጉያው አብሮት ያለ። ሌላው አሮጌና ከባድ፣ በላስቲክ ቺንጋ የሚዞር፣ ከክንዱ ጀርባ የክብደት ማስተካከያ ያለው፤ ማጉያ ለብቻው ይፈልጋል። ሴትዮዋ ቀዩን ወደዱት። አሮጌው ይሻላል ልል አፌን ስከፍት አያ ሐጎስ ገላመጡኝ። ቀዩ ገዢ አጥቶ ከርሞ ነበር።

ሸክላው ቀዩ ላይ ተደረገ። መርፌው ዘለለ። አያ ሐጎስ ሳንቲማቸውን ጣል አደረጉበት። ክራሩ ጥርት ብሎ ወጣ፣ የሴትዮዋ ዐይን እንባ አቀረረ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም አለቃዬን ሰው ፊት ላለማዋረድ ዝም አልኩ። ሸክላው ይዞራል። ዘፈኑ ግማሽ ሲደርስ ግን አልቻልኩም፤ ክንዱን ብድግ አደረግሁት።

"ምን ሆንክ ወደይ፣ ልጄ?" አሉ አያ ሐጎስ፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

መርፌውን ለወይዘሮ ለተብርሃን አሳየኋቸው። ጫፉ ላይ ጥቁር ብናኝ ተጠራቅሟል። ከሸክላው ተፍቆ የወጣ መሆኑን ነገርኳቸው። ብናኙን በጣታቸው ነክተው ቀና አሉ።

"ይሄ የታደሰ ነው?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለቱንም መዘንኩላቸው፤ ቀዩ ከነሳንቲሙ ሰባት ግራም፣ አሮጌው ሁለት። አሮጌውን ገዙ። አያ ሐጎስ ሳምንት ሙሉ ከሬዲዮ በቀር ሥራ አልሰጡኝም።

ማጫወቻውን ቤታቸው ሄጄ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አቶ ታደሰ ትራስ ተደግፈው ያዳምጣሉ። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እንደሚጠበስ ሽንኩርት ቸስ ቸስ ይላል። እኔ ማፈሪያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ድንገት ጠራ።

"እዚህ ጋ ምን አግኝቶ ነው የጠራው?" አሉኝ አቶ ታደሰ።

"እዚህ ጋ ነው ክንዱን ያነሣሁት" አልኳቸው።

አቶ ታደሰ ዐይናቸውን ጨፍነው የቀረውን ሰሙ።

ማጫወቻ የምትገዙ ሰዎች፣ ድምፁን ከመስማታችሁ በፊት መርፌውን አስመዝኑ፤ ክንዱ ማስተካከያ ከሌለው ተዉት። የምትሸጡ ደግሞ የምታውቁትን የደንበኛው ሸክላ ሳይጫን ተናገሩ። ከተጫነ በኋላ የምታተርፉለት የቀረውን ብቻ ነው።