ዓርብ የጠፋው እቶን

ብርጭቆ ሠሪ ልሆን ነበር። አሁን ብርጭቆ ቆራጭ ነኝ። ማለቴ ማሽኑ ይቆርጣል፣ እኔ አዝራር እጫናለሁ። የሻወር በር፣ የሱቅ መስኮት፣ የሰው በረንዳ። ዘመድ ሲጠይቀኝ «ያው ብርጭቆ ላይ ነኝ» እላለሁ። እንዴት ያው ይሆናል?

የካርሜል ጫካ ከተቃጠለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ሃይፋ አጠገብ ካለችው ከነሸር ከተማ በታች፣ ከጋራዦቹ መሀል፣ ብርጭቆ በትንፋሽ የሚሠራበት አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነበር። የገባሁት ካርቶን ልሸከም ነው። ዋናው ሠሪ ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቆሜ ሳፈጥባቸው ጊዜ አንድ ቀን ረጅሙን የብረት ቱቦ እጄ ላይ ጣሉት።

እቶኑ ውስጥ የሸክላ ገንዳ አለ። አሸዋው ከሶዳና ከኖራ ጋር ቀልጦ እዚያ ውስጥ እንደ ማር ይተኛል። በቱቦው ጫፍ ጠቅልለህ ታወጣዋለህ፤ ማሽከርከር ካቆምክ ተዘርግፎ እግርህ ላይ ነው። ከዚያ ትነፋለህ፣ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ሰው ሁሉ ጉንጩን ነፍቶ ይመጣል፣ ጥሩምባ የሚነፋ ይመስል! በእርጥብ እንጨት ትቀርጸዋለህ፣ ደግመህ ታሞቀዋለህ፣ ደግመህ ትነፋለህ። ሲያልቅ ሌላ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ከቸኮልክ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል።

ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የወርክሾፑ ባለቤት በሁሉም ፊት «ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። በዚያ ሙያ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሠሪው ነው፤ ሌላው ቆሞ ያቀብላል። እዚህ አገር ስመጣ ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤትም ጦርም ሥራም አይቻለሁ፣ ይሄ ያንተ ነው ያለኝ ግን ማንም አልነበረም። ወር ብቻ ነበር የቀረኝ።

ባለቤቱ ጎብኚ ሲመጣለት አፉ አያርፍም። «ብርጭቆ የተወለደው እዚሁ ነው፣ በሃይፋና በአኮ መሀል ባለው አሸዋ ላይ!» ይላል። መርከበኞች ለድስታቸው ጉልቻ አጥተው የጫኑትን የሶዳ ድንጋይ ቢያስቀምጡ፣ እሳቱ ከአሸዋው ጋር አቅልጦ ብርጭቆ አደረገው ነው ወሬው። የማገዶ እሳት ያን ያህል ሞቆ! የእኛ አሸዋ ደግሞ በከረጢት ከውጭ ነበር የሚመጣው። እውነቱን ያወቅሁት ከሽማግሌው ነው። በቱቦ መንፋት ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ አካባቢ ተጀመረ። ከዚያ በፊት በጭቃና በእበት ድብልቅ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ይጠመጥሙና ሲቀዘቅዝ ጭቃውን ፍቀው ያወጡ ነበር። ይህን ለአባቴ ብነግረው ሳቀ። «ጭቃውማ የእናትህ ሙያ ነበር» አለ። እናቴ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ ብዙ አላየሁትም።

አባቴ ጎንደር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቶቹ ቀን ማረሻቸውን ያሠሩና ማታ ቡዳ ይሉታል። እዚህ ደግሞ ማረሻ የሚያሠራ የለም፤ ስድቡ ብቻ ቋንቋ ቀይሮ ጠበቀው። ሀዳር በሚባለው የሃይፋ ሰፈር አንድ ክፍል ተኩል ውስጥ ግድግዳ ሲያይ ስለሚውል፣ የወርክሾፑን ባለቤት ለምኜ እዚያው ጽዳት አስገባሁት። የመጀመሪያው ቀን እቶኑን አሳይቼ «አባዬ፣ ይህ እሳት አይጠፋም» አልኩት። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም፤ ከጠፋ ብርጭቆው እየጠነከረ ሲኮማተር ገንዳውን ይሰነጥቀዋል። «ገባኝ» አለ። እሳት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። ግን አገር ቤት በእኛ በቤተ እስራኤሎች ዘንድ ዓርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ፍሙ ላይ ውኃ ይደፋ ነበር፤ በሰንበት የቀዘቀዘ ነው የሚበላው። ሌላው አይሁድ ከዓርብ አብርቶ ምግብ የሚያሞቅባትን የኤሌክትሪክ የሰንበት ምድጃ እንኳ ቤታችን አላስገባም። «አይጠፋም» ስለው ከእሑድ እስከ ዓርብ መስሎታል፤ ዓርብ ዓርብ ከሁሉም ቀድሞ ስለሚወጣ ሲነድ ማደሩን አላየም። የእስራኤል ልጅ በሰንበት እሳት ያነዳል ብሎ በምን ያስብ!

አንድ ዓርብ ባለቤቱ ዕቃ አስይዞ አኮ ሰደደኝ። ያን ቀን መጨረሻ የሚወጣው አባቴ ስለነበር «ሁሉን ነገር ዝጋ፣ ሻባት ሻሎም» ብሎ የሰንበት ሰላምታ ሰጥቶት ወጣ። ማታ ማዕድ ቀረብን፤ ፀሐይ ጠልቃለች፤ አባቴ ነጭ ለብሶ ፊቱ በርቷል።

«ዛሬ ጽድቅ ሠራሁ» አለኝ። «እሳቱን ረስተውት ሄዱ። ጋዙን ዘጋሁላቸው። በኃጢአት ሊያድሩ!»

ቁራሽ ዳቦዬን መልሼ አስቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ብርጭቆው ገና ትኩስ ነው፣ ቶሎ ቢነድ ገንዳው ይተርፋል። ሃይፋ ደግሞ እንደሌላው ከተማ አይደለም፣ በሰንበትም አውቶቡስ አለ፤ በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ስልኬ ግን ዓርብ ዓርብ አባቴ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ብወጣስ? በፊት አንድ ጊዜ በሰንበት ከአውቶቡስ ስወርድ አይቶኝ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም ነበር። አሁን ተነስቼ «ጽድቅ ያሉት እኮ ገደለኝ» ልበለው? እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ተቀመጥኩ። «እሰይ፣ ደግ አደረጉ» አልኩት።

እሑድ ስንደርስ ገንዳው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ብርጭቆውም በውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቱ «ማነው?» ብሎ ጮኸ። አፌን ሳልከፍት አባቴ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ። ሰንበት ነበር» አለ፣ በሰባራ ዕብራይስጡ።

«ከየት ጫካ ነው የምታመጧቸው?» አለ ባለቤቱ፣ እኛን ሳይሆን ሽማግሌውን እያየ። ሽማግሌው አቀረቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባትህን ይዘህ ውጣ፣ አንተም አትመለስ» አለ። «ዝጋ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። ሳቀብኝ፣ እግዜር ይይለት።

ፌርማታው ላይ አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ዓርብ ማታ ስነግርህ ነው እንደሚሰነጠቅ ያወቅኸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያኔ ቢነድ ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ለአንቱ ሰንበት ብዬ ነዋ! ለማን ይሆን?»

እጄን ያዘ። እጁ እንደ ድሮው ሻካራ ነው። «አንተ ልጅ» አለ፣ «በእግሬ ወርጄ በገዛ እጄ አነደው ነበርኮ። ኃጢአቱን እኔ እሸከመው ነበር። እኔ ምን ቀረኝ? አንተ ወንበርህን ታገኝ ነበር።»

አለቀስኩ፣ ከንዴት ነው። ያን ቀን «ደግ አደረግህ፣ ሰንበትን አከበርክ» ቢለኝ ኖሮ ቢያንስ ወንበሩን ለአንድ ነገር ብዬ ነው ያጣሁት እል ነበር። እሱንም ወሰደብኝ።