አንድ ድንኳን፣ ሃያ አግዳሚ

ሞባይል ገና ሚዛን ከተማ የገባ ሰሞን አባቴ የእናቱን ስም ፈልግልኝ አለኝ። እናቱ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ቡና ተከትሎ የመጣው አባቱም ብዙ ሳይቆይ ቴፒ ላይ ስለሞተ ያሳደጉት አንዲት የአማን ከተማ ጎረቤት ናቸው፤ እሳቸውም እስኪያልፉ ድረስ እናቱን «ምስኪኗ» ከማለት በቀር በስም ጠርተዋት አያውቁም። ያኔ አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር። ቄሱን ጸሎት አድርሱላት ቢላቸው «ስሟ ማን ነው?» አሉት። የገዛ እናቱን ስም ተጠይቆ «አላውቀውም» ሲል እኔ አፈርኩ።

ቀበሌ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «የሟች ስም?» አለችኝ። እሱን ነው የምፈልገው አልኳት። «ስም ሳይያዝ መዝገብ አይታይም» ብላኝ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ፤ መልሱ ያው ነው። ስሙን ባውቀው ኖሮ እሷ ዘንድ ምን ያስኬደኝ ነበር?

የቀረኝ አማን ያለው የድሮው እድር ነበር። ሽማግሌው ጸሐፊ ድንኳንና ድስት ከተከመረበት ቆርቆሮ ቤት አይጥ የቀመሰው መዝገብ አወጡልኝ። አያቴ በአባልነት ተመዝግቧል። ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ባለቤቱ አረፈች። አንድ ድንኳን፣ ሃያ አግዳሚ ወጣ። ስላልበቃ ስምንት ከጎረቤት እድር ተውሰናል። አንዱ እግሩ ተሰብሮ ተመልሷል» ይላል።

«ጋሼ፣ የተሰበረው አግዳሚ እንኳ ተጽፏል፤ የእሷ ስም የታለ?»

«ልጄ፣ እድርተኛው እሱ ነው። ደሞስ ስሟ ምን ይጻፋል? ሁሉም ያውቃት ነበር እኮ።»

ያ ያውቃት የነበረ ሁሉ ሞቶ አልቋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኸኛው ወረቀት የያዘው አግዳሚ ነበር፣ ሞኙ ደግሞ እኔ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ እየተራገምኩ ነገርኩት።

«አግዳሚው አልበቃም ነው የሚለው?» ብሎ ከትራሱ ቀና አለ። «እኔ እኮ ያለ ሰው የተቀበረች ነበር የሚመስለኝ።»

ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደገምኩለት።

በዚያው ክረምት ሞተ። የእድራችን ጸሐፊ «የአባል አባት» ብሎ ሲጀምር እስክሪብቶውን ያዝኩበትና ሙሉ ስሙን ከነክርስትና ስሙ አስጻፍኩ። «የእናቱንስ ልጨምርልህ?» አለኝ፣ ሊያሾፍብኝ። የምነግረው አልነበረኝም።