በርበሬ የታጠነው ልጅ

ልጄ ሰላም በስልኳ የአዝቴኮችን፣ የድሮ የሜክሲኮ ሰዎችን፣ የሥዕል መጽሐፍ አሳየችኝ። ልጅ በየዕድሜው ስንት ቂጣ እንደሚበላ እንኳ በሥዕል ነው የጻፉት። አንዱ ላይ አባት ልጁን ጭስ ላይ ይዞታል፤ ልጁ እንባው ይወርዳል።

"በርበሬ እያጠነው ነው" አልኳት።

"ጽሑፉ እኮ በእንግሊዝኛ ነው አባ፤ በምን አወቅክ?"

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። አባቴ ትምህርት ቤት አልላከኝም፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ያንን ጭስ ግን ያለ አስተማሪ አውቀዋለሁ።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚሄድ ፉርጎ ላይ መንጠልጠል ሱሴ ነበር። አንድ ቀን ያዘኝና ፍም ላይ በርበሬ ነስንሶ ጋቢውን ከላዬ ጣለብኝ። እንዳላመልጥ ብሎ አብሮኝ ገባ። ጋቢው የባቡር ግራሶና ላብ ይሸታል። ጉሮሮዬ ነደደ።

"አቦ ተው፣ ልጁን ልትገድለው ነው?" አለች እናቴ ከውጭ።

"ባቡር ከሚገድልብኝ እኔ ላስለቅሰው" አላት እያሳለ። "ከሐዲድ ላይ ምን እንደምሰበስብ አንቺ አታውቂም።"

ያኔ ብሎን መስሎኝ ነበር፤ የሰው አካል መሆኑ የገባኝ አድጌ ነው።

እናቴ ጋቢውን ስትገልጠው እሱም እኩል ያነባ ነበር። በጋቢው ጫፍ መጀመሪያ የእኔን ዓይን ጠረገ።

"ጨካኝ አባት" አለች ሰላም፣ ሥዕሉን እያጎላች።

"ዝም በይ" አልኳት። "ሠዓሊው የልጁን እንባ ብቻ ነው የሣለው።"