የትንኝ ዘመቻ

ያን ኩሬ ሊቀመንበሩ «ሐይቅ» ነበር የሚለው። ከብልባላ መንገድ ዝቅ ብሎ ያለው ቦታ፣ ድሮ ከብቶቻችን የሚግጡበት ደህና መስክ ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ በጋ «በዘመቻ ውኃ እናቁራለን» ብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስቆፈረን። እኔም ልጅ አዝዬ አፈር ተሸክሜበታለሁ። ክረምት ሲገባ ሞላ። ዓሣ ይረባበታል ተባለ፤ መስኖ ይወጣበታል ተባለ፤ የረባበት ትንኝ ብቻ ነው።

ትንኙስ አይናከስም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር እንደ ጭስ እየተትጎለጎለ ይነሣና ዓይን ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል። አፍ ውስጥም። ጣጣው አፉ ላይ ነው።

ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነዋ፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ጾሞ የሚቆርብበት። ሊቆርብ ያሰበ ሰው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ ባፉ አይዞርም። ትንኝም ብትሆን ከገባች ገባች፤ ቁርባኑ ቀረ ማለት ነው። እናቴ ያን ዓመት ሆዷን ታማ አልቃ ነበር። «የጾሙ መጨረሻ ቀን ልቁረብ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ እሱ እንዳሻው ያድርገኝ» ትል ነበር። ሌላ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሊቀመንበሩ በዚያችው ቀን ጧት የትንኝ ዘመቻ ጠራ። ቀን ጠፍቶበት አይደለም። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እንደሆነ፣ ሰው አፉን ይዞ እንደሚውል አሳምሮ ያውቃል፤ ድቁና ሊማር ሄዶ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው ነው። ትንኙን እንደ አንበጣ በጩኸትና በቆርቆሮ አባርራለሁ አለ። አንበጣስ ሲጮኹበት ይነሣል፤ ትንኝ ምን ጆሮ አለው? የቀረ ሰው የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ታስሮ ያድራል ስለተባለ ወጣን። እናቴን ደግፌ ወሰድኳት።

ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን ይዞ፣ በነጠላና በጋቢ አፉን ጠምጥሞ ኩሬው ዳር ተኮለኮለ። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ላይ ወጣና ግራ እጁን ሰቀለ።

«ትንኝ ይውደም!»

«ምምምም» አልን።

«አልሰማሁም! አድኃሪው ትንኝ ይውደም!»

«ምምምም!»

ቆርቆሮው ሲንቋቋ ትንኙ ጭራሽ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ሰፈረ። ሊቀመንበሩ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወረደ። «ይኼ አሻጥር ነው!» እያለ የሰው ነጠላ ይገልጥ ጀመር። እየዞረ እናቴ ፊት ደረሰ።

«አንቺ አሮጊት፣ ግለጪና መፈክር አሰሚ!»

አንቺ አላት። እትብቱን የቆረጠችለትን፣ እናቱ እንኳ «እርስዎ» የምትላትን ሴት።

«ኧረ ቆራቢ ናቸው፣ ተዋቸው» አለ ጎረቤታችን በጋቢው ውስጥ።

እሱ ግን ነጠላዋን ይዞ ጎተተው። እናቴ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«መጋዘን ነው የማሳድርሽ! ሰማሽ ወይ! እኔ...»

ትንኙ አላስጨረሰውም። አፉን እንደ ጎተራ ከፍቶ ኖሮ ግልብጥ ብሎ ገባለት። ይስላል፣ ያንቀዋል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይመታል። አገሩ በሙሉ ሳቀ። ግን አፍ አይከፈት፤ በአፍንጫችን ነው የሳቅነው፤ የበቅሎ መንጋ የሚያነጥስ ይመስል ነበር። እኔ ቶሎ ብዬ የእናቴን ነጠላ መለስኩላት። እሱን ሁለት ሰው ደግፎ ወሰደው፣ ዘመቻውም በዚያው ተበተነ። ትንኙ መስከረም ላይ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ግን ይኸው ሰው «በዘመቻችን ድል መታነው» ብሎ አስወርቷል፤ እፍረት ብሎ ነገር አልፈጠረበትም።

እናቴ ያን ቀን ቆረበች። አፏን ሸፍና፣ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ስንመለስ ሊቀመንበሩን ኩሬው ዳር ቆሞ አገኘነው። በሻከረ ጉሮሮው «እንዴት ዋልሽ?» አለ፣ አሁንም አንቺ ነው። እናቴ ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። የቆረበ ሰው ያን ቀን ምራቁን እንትፍ አይልም። ዋጥ አደረገችና አለፈችው።

ጥቂት እንደሄድን በነጠላዋ ውስጥ «ልጄ» አለችኝ፤ «ነገ ጧት በዚህ በኩል አውጪኝ። ያልጨረስኩት ነገር አለ።»

በነጋታው ወሰድኳት። እሱ አልነበረም፤ የወጣበት ድንጋይ ግን እዚያው ነበር። ድንጋዩ ላይ እንትፍ አለችና፣ «በይ እንግዲህ፣ ቤታችን እንግባ» አለችኝ።