ሼህ በድረዲን የመረቁት ማይክ

የአክስቱን ሞት የሰማው ሮቢት ከተማ፣ ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ፣ ማይክ እየሰካ ሳለ ነው። ዘይኑዲን አንዱን ገመድ በመቅጃው የመጀመሪያ ቀዳዳ ሰክቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት» ሲል ስልኩ ጠራ። የአክስቱ ጎረቤት ውዱ ነበር፣ ከዋጃ።

«ዘይኑ፣ የት ነህ?»

«ሮቢት። ሥራ ላይ።»

«ሥራውን ተወውና ና። ሳቢራ ወደ አኼራ ሄደች።»

ኢናሊላሂ አለ። ገመዱን ነቅሎ እንደ ልማዱ በክርኑና በመዳፉ መካከል ጠቀለለና መንገድ ዳር ወጥቶ የዋጃ መኪና ጠበቀ።

ዘይኑዲን ቆቦ ላይ ሬዲዮ ይጠግናል፤ የሰው ሰርግና የሰው ዱዓም ይቀዳል። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው አክስቱ ሳቢራ ናት። መንዙማ አውጪ ነበረች፤ እሷ ካላወጣች ከበሮው፣ ድቤው፣ አይሞቅም ይባልላታል። ድምፅዋ ግን ቀጭን ነው፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሰማት። ዘይኑዲን የአገሩን ድምፅ ሁሉ ሲቀዳ የእሷን ሳይቀዳ ኖረ። ቤት ያለ ነገር የት ይሄዳል ብሎ።

ባለፈው ክረምት ሳሏ አላምር ሲለው መንዙማ በሚወጣበት ቀን ሁለት ማይክ ይዞ ቤቷ ሄደ። አንዱን ለድቤው ራቅ አድርጎ አቆመና በመጀመሪያው ቀዳዳ ሰካው፤ የድምፁን ማንሻም ዝቅ አደረገ። በሁለተኛው ቀዳዳ የተሰካውን እሷ ፊት አቁሞ ማንሻውን እስከ ላይ ገፋው።

«አንተ፣ ይኼን እንደ በቆሎ እሸት አፌ ላይ ደቀንክብኝ?» አለችው።

«እቴቴ፣ እንዳትነኪው ብቻ።»

«እኔስ አልነካውም። ሳይመረቅ ግን አንዲትም አላወጣበት።»

በዚያ ቤት ለአዛውንት «ጀባ፣ ይመርቁት» ተብሎ ሳይቀርብ የሚጀመር ነገር የለም። የሷ ማይክ ከነማቆሚያው ተነስቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሼህ በድረዲን ዘንድ ደረሰ። ሼሁ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «የያዘውን አይጣል፣ የሰማውን አይርሳ» ብለው መረቁት። ቤቱ አሚን አለ። ከዚያ ማይኩን ጭናቸው ላይ አስተኙት፤ መቁጠሪያቸውንም ከኪሳቸው አወጡ። ሳቢራ መንዙማውን ጀመረች።

ዘይኑዲን በማዳመጫው የሰማው የመቁጠሪያውን ጠጠር ነው። ብድግ አለ። አጠገቡ ያለች ሴት ልብሱን ይዛ አስቀመጠችው። አዛውንት ጀባ የተባሉትን ራሳቸው እስኪመልሱ ድረስ ከጭናቸው የሚያነሳ ማን ነው? ሼሁ አልመለሱም። ዓይናቸውን ከድነው፣ በመንዙማው ተመስጠው ነበር።

ሲያበቃ ሳቢራ ጠራችው።

«ያዝከው?»

«የሼሁን መቁጠሪያ ይዤልሻለሁ።»

እስክታስል ሳቀች። «በል ማሽላው ሲታጨድ ና። ለብቻህ አወጣልሃለሁ። ሼሁን አንጠራም።»

ማሽላው ሲታጨድ ሰርጉም ይበዛል። በዚህ ጁምዓ እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ ሲል ነው ያ ስልክ የደረሰው።

ከቀብሩና ከለቅሶው መልስ ቆቦ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለች ክፍሉ ገብቶ መቅጃውን ከፈተ። በሁለተኛው ማይክ የገባው መቁጠሪያና የሽማግሌ ትንፋሽ ነው፤ አልፎ አልፎ አሚን ይላል። በመጀመሪያው ድቤው አለ። ከድቤው ኋላ፣ ከሩቅ፣ የሷ የሚመስል ነገር ይሰማል። ድቤውን ዝቅ ሲያደርግ እሷም አብራ ትወርዳለች። ሲያነሳው ይሸፍናታል። ደጋግሞ ሞከረ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ፀዲ ግድግዳውን መታች። «ዘይኑ፣ ጠጠር ትለቅማለህ እንዴ? ቀኑን ሙሉ!»

«መቁጠሪያ ነው» አላት።

«የማን?»

ማዳመጫውን ሰካና እሷ እንዳትሰማ ብቻውን ማዳመጡን ቀጠለ።

መቅጃው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለቱም ገመዶች እንደተጠቀለሉ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል። የሳቢራ መንዙማ አልተቀዳም።