ቶሎ ዝም ያለው ዘንግ

ባለፈው ጥቅምት ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ዲላ ሄጄ ሳለ፣ ከጪጩ በሚመጣው መንገድ ዳር አንድ የባሌስትራ ሠራተኛ ከቡና ጫኝ መኪና ሥር ያወጣውን ብረት በመዶሻ ሲመታ ሰማሁ። ድምፁ ጥቂት ረዝሞ ከሰመ። ቆምኩ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ትዝታ ይታመናል ብዬ አልከራከርም፤ ብረት በሸክምና በሙቀት እንዴት እንደሚጎዳ ሳስተምር ያረጀሁ ነኝና ማስረጃ የሌለውን ነገር እፈራለሁ። በልጅነቴ የአባቴን የምድጃ ብረቶች ይመረምር የነበረው ጋሽ ገመዴ ግን ከድምፁ ጋር ተመልሶ መጣ፤ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቁ፣ በኖራ የነጡ ጥፍሮቹ፣ ከእጁ የማትለየው ትንሿ መዶሻ።

አባቴ ዲላ ውስጥ ዳቦ ቤት ነበረው። በምድጃው ውስጥ የሚነደውን የባሕር ዛፍ ግንድ የሚሸከሙ ስምንት የብረት ዘንጎች ነበሩ፤ እኅቴ አስቴር ሰባት ናቸው ትላለች። ዘንጎቹ ዓመቱን ሙሉ እሳትና ክብደት ችለው ይጎብጣሉ። ክረምት ላይ ምድጃው ሲበርድ አባቴ የጎበጠውን ገልብጦ ይመልሰዋል፤ የከርሞው ሸክም መልሶ ያቀናዋል። የከተማው ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ቀጥ ያለ ብረት ጤነኛ ይመስላቸዋል።

«ጌታዬ፣ ወገቡ ቢቃናም ውስጡ ተበልቷል» ይለው ነበር ጋሽ ገመዴ። ስለዚህ በየነሐሴው ዘንጎቹን እንዲመረምር ይጠራ ነበር። እያንዳንዱን በእንሰት ቃጫ አንጠልጥሎ ይመታና ጆሮውን ይሰጣል። የተጠራጠረውን በነጭ ጋዝ ያሸዋል፣ ይወለውለዋል፣ ከዚያም ኖራ ይነሰንስበታል፤ ስንጥቅ ካለው የሰረገው ጋዝ ተመልሶ እየወጣ ኖራው ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል።

እኔ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። እሱ ግን የሚጠይቀው ሁለት ዓመት የምታንሰኝን አስቴርን ነበር። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«ምን አለህ?» አላት አንዱን ዘንግ መትቶ።

«ቶሎ ዝም ይላል፣ ጋሼ።»

«ኧረ ልክ እንደ ሌሎቹ ነው የሚጮኸው!» አልኩ። ዋሸሁ፤ የአንዱንም ድምፅ ከሌላው ለይቼ አላውቅም። «ኖራውም ምንም አላሳየም። ደግሞ ቀጥ ያለ ነው።»

ሳቀ። «የአንተ ዓይን ጎበዝ ነው። ጆሮ ግን አስቴር ጋ ሄደ።»

ይህ ይጣል ሲል በዘንጉ ላይ በኖራ ክብ ምልክት አደረገና ለብቻው ግድግዳ ላይ አስደግፎት ምሳ ሄደ። ክቡን በእጅጌዬ ጠርጌ ዘንጉን ከደህናዎቹ ጋር ቀላቀልኩት። ለብዙ ዓመታት ዝናብ አጥቦት ይሆናል ስል ኖሬአለሁ፤ ክፍሉ ግን ጣሪያ ነበረው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ረፋድ ላይ፣ ምድጃው ግንድ ጠግቦ እየነደደ ሳለ ዘንጉ ተሰበረ። ዘንጎቹ ሸክሙን እንዴት እንደቻሉ ሊያይ የመጣው ጋሽ ገመዴ ጋጋሪውን ገፍትሮ ሲያድነው ፍሙ በራሱ ግራ ክንድ ላይ ወረደ። አባቴ «አንተ አይደለህም እንዴ ደህና ነው ያልከው?» ብሎ ጮኸበት። እሱም የተቃጠለ ክንዱን ትቶ ቀኝ እጁን ትክ ብሎ አየ። «ምልክት ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አልጠራውም። እኔም አልተናገርኩም።

ጋሽ ገመዴ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ኢዲዶ ሄዶ እዚያው አረፈ። መዶሻዋን ለአስቴር አውርሷት ነበር። ለእኔ ደግሞ በኮባ የተጠቀለለ፣ ስንዝር የሚሆን የዚያ ዘንግ ስባሪ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከስባሪው ጫፍ ስስ ቁራጭ አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። በብረቱ ቅንጣቶች ወሰን ላይ እልፍ ጥቃቅን ክፍተቶች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ተያይዘው ስንጥቅ መሆን ጀምረዋል፤ ወደ ውጭ ግን አንዱም አልደረሰም። ኖራው ሊያሳየው የማይችለውን ያቺ ትንሽ ልጅ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ያን ቀን ግኝት ያገኘ ሰው ደስታ አልተሰማኝም፤ ቀናሁ። ዛሬም ጋጋሪዎች ዘንጋቸውን ሊያስመረምሩ ተሸክመው አስቴር ደጅ ሲመጡ እቀናለሁ።

በሠርጉ ማግስት ስባሪውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አስቴር ፊት አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ወንድምጋሼ፣ እጅጌህ ኖራ በኖራ ሆኖ አልነበር?» አለች። «እናታችን ሳታይ ሸሚዝህን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትናገር ነዋ። ጋሽ ገመዴም ያውቅ ነበር፤ ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። ‘ለአባቱ እንዳትነግር፣ ይመታዋል’ አለኝ።»

በዚህም ቀደመችኝ። መዶሻዋን ከመሳቢያ አወጣች፤ ስባሪውን በክር አንጠልጥላ መታችው።

«ቶሎ ዝም ሲል ሰማህ?»

«አልሰማሁም» አልኳት።

ደግማ መታችው።